ሰዋስው እና የሥራ ቋንቋ



እ.ኤ.አ. በ1957 በናይሮቢ የተቋቋመው ልዩ የትምህርት ማእከል ሕፃናት ከአንደኛ ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ የሚማሩበትን ዘዴ አዘጋጀ፤ የኦሚንዴ ኮሚሲዮንም በ1964 ባቀረበው ዘገባ ይህንኑ ደገፈ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎ፣ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን የመንግሥት ሥራ ቋንቋዎች አደረጋቸው።

ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ጸሐፊን አያሠለጥንም። ስዋሂሊ «የዬ» በሚል አንድ ቃል ወንዱንም ሴቲቱንም ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ የናይሮቢ ተማሪ በደብዳቤው ሴቲቱን እንደ ወንድ አድርጎ ቢጽፋት፣ የለመደው ቋንቋ ስቦት እንጂ ሰንፎ አይደለም። ማመልከቻውን የሚያነበው ሹም ግን ስሕተቱን እንጂ ምክንያቱን አያይም፤ በዚህም እንጀራው ይቀርበታል።

የኢትዮጵያ ተማሪ በዚህ አይሰናከልም፤ አማርኛ «እርሱ»ን ከ«እርሷ» ይለያልና። እርሱን የሚያሰናክለው ሌላ ነው፤ በአማርኛ «ደብዳቤው» ሲባል ከስሙ መጨረሻ የሚጣበቀው ምልክት፣ በእንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ስሙን ይቀድማል።

እንግዲህ መምህር ሕጉን ከማስጠናቱ አስቀድሞ የተማሪውን ቋንቋ ይመርምር፤ ከዚያም በደብዳቤ፣ በደረሰኝና በማመልከቻ ያለማምደው። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ የመሰላልም እግሩ የሚተከለው ወጪው በቆመበት መሬት ላይ ነው።