ብሩ በስልክ፣ መተማመኑ በሱቅ

እሷ፦ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሁሉም ስለ መተግበሪያው ነበር የሚያወራው። እኔ ግን ከጋሞዋ ገረሴ ገበያ ሆኜ ሳየው ዋናው ወኪሉ ነው። ቡላ የሸጠች እናት ስልኳ ላይ የገባላትን ገንዘብ ጥሬ ብር አድርጎ የሚሰጣት ሱቅ ካጣች፣ ሁለተኛ በስልክ ክፈሉኝ አትልም።

እሱ፦ ልክ ነሽ እህቴ። በ1999 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ የጀመረውን መሰሉን አገልግሎት ኤምፔሳንም በእግሩ ያቆመው የወኪሎቹ መረብ ነው። ግን በገበያ ቀን ሁሉም ብር ላውጣ ሲል የወኪሉ መሳቢያ ባዶ ይቀራል። ብር ለማምጣት ባንክ የሚመላለሰው ሱቁን ዘግቶ ነው። ኮሚሽኑ ይህን ካልካሰለት ሥራውን ይተወዋል።

እሷ፦ ያለ ኢንተርኔት በ*127# መሥራቱስ?

እሱ፦ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ማንበብ የማትችል እናት የምሥጢር ቁጥሯን ለባለሱቁ ትነግራለች፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። የአገልግሎቱን መልእክት በጋሞኛ በድምፅ ብትሰማ እኮ ስልኳን ማንንም አታስነካም ነበር።