ከእንጦጦ የመጣ ጭጎጎት

እሱ፦ ቅዳሜ ውሻችንን ይዤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ስንመለስ ያ ረጅም ነጭ ፀጉሯ ጭጎጎቱንም የሰይጣን መርፌውንም ለቅሞ መጣ።

እሷ፦ እና ወዲያው አጠብካት፣ አይደል?

እሱ፦ በምን አወቅሽ? በሙቅ ውሃና በሳሙና!

እሷ፦ ያ ነው ጥፋቱ። የመንዝ ሰው ዝተት ሲሠራ የበግ ፀጉሩን ሸምኖ በውሃ እየነከረ ይረግጠዋል፤ ያን ጊዜ ነው ጥቅጥቅ የሚለው። አንተም ውሻህን ዝተት አደረግኻት። መጀመሪያ መፍታት፣ ከዚያ ማጠብ።

እሱ፦ ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ቋጠሮ ሎሚ ያክላል። በመቀስ ላነሳው ስል እናቴ ጮኸችብኝ።

እሷ፦ እግዜር ይስጣቸው! ቋጠሮው ቆዳውን ስቦ ይይዘዋል፤ ፀጉር የቆረጥክ መስሎህ ቆዳ ትቆርጣለህ።

እሱ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

እሷ፦ እንዳያማት ሥሩን በሁለት ጣት ያዝ። በሌላው እጅህ ቋጠሮውን ለሁለት፣ ለአራት በትነው። ከዚያ ሚዶ፤ ከጫፍ ጀምረህ ወደ ሥር። እናትህ የእህትህን ሹሩባ ሲፈቱ አይተህ አታውቅም?

እሱ፦ ብብቷ ሥር ያለውስ? ጭራሽ ተለጥፏል።

እሷ፦ እሱን አትታገለው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዳትና በማሽን ይነሳላት፤ ከሥሩ ቁስል ወይም መዥገር ሊኖር ይችላል። ሙሉ በሙሉ ግን አታስላጫት፣ የእንጦጦ ብርድ በነሐሴ ቀልድ አያውቅም።

እሱ፦ የሰፈር ልጆች እኮ «ራስታዋ» ማለት ጀምረዋል።