የየቲሙ እጅ የሚጨብጠው መሣሪያ
(ለማኅበሩ አባላት፣ ለበጎ አድራጊዎችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለእንዲህ ያለ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ድሪልና ስለ ባትሪ ነውና። ነገር ግን የእንጨትና የብረት ሥራ ተምረው ከእጃችን ለሚወጡ ወጣት የቲሞች የምንሰጠው መሣሪያ የሐላል ሪዝቃቸው በር ነው። በሩ በዓመቱ ከተዘጋ የሰጠነው ሶደቃ ልጁን የትም አላደረሰውም ማለት ነው።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተምረን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥልጠና ለጨረሱ ስምንት ወጣቶች በባትሪ የሚሠሩ ድሪሎች ሰጥተን ነበር። አንዱ ከውጭ አገር የተላከ፣ ሌላው ከገበያ በርካሽ የተገዛ፣ ሌላው ከሰው ቤት የተለገሰ ስለነበር የስምንቱም ብራንድ የተለያየ ነበር። በዕለቱ ሁላችንም ደስ ብሎን ተለያየን። ዓመት ሳይሞላ ከወጣቶቹ አንዱ መጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ ድሪሉ ደኅና ነው፤ የሞተው ባትሪው ነው» አለን። አብረነው ሱቅ ለሱቅ ዞርን፤ የዚያ ዓይነት ባትሪ ግን አልተገኘም። ልጁ ሙያውን ትቶ ድንጋይ ወደ መሸከም ተመልሶ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ሳንጠይቅና ሳንመረምር የሰጠን የእኛ ነበር።

ያን ጊዜ የተረዳነው በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ የሚገዛ ሰው በእውነቱ የሚገዛው ባትሪውን መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የባትሪውን መቀመጫ በራሱ ቅርጽ ስለሚሠራው የማኪታ ባትሪ በዲወልት ላይ አይገባም፤ የዲወልትም በቦሽ ላይ አይገባም። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፤ የቦሽ ሰማያዊው ለባለሙያ፣ አረንጓዴው ለቤት ውስጥ ሥራ የተዘጋጀ ሲሆን የሁለቱ የ18 ቮልት ባትሪዎች አይለዋወጡም። በአንጻሩ አንድን የባትሪ ቤተሰብ የያዘ ሰው በዚያው ባትሪ ድሪሉንም፣ ግራይንደሩንም፣ መጋዙንም ያሠራል፤ ሁለተኛውን መሣሪያ ያለ ባትሪ በቀነሰ ዋጋ መግዛት ይችላል። ማኪታ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የ18 ቮልት የባትሪ ቤተሰብ እስከ ዛሬ መቀጠሉ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ልብ ልንለው የሚገባን ጉዳይ በባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። በአብዛኞቹ ባትሪዎች ውስጥ ያለች አንዲት የሊቲየም ሴል መደበኛ ኃይሏ 3.6 ቮልት ነው፤ አምስቱ በተርታ ሲያያዙ 18 ቮልት ይሆናሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲሞሉ ደግሞ ከ20 ጥቂት ያልፋሉ። ስለዚህ ዲወልት በአሜሪካ «20 ቮልት ማክስ»፣ በአውሮፓ ደግሞ «18 ቮልት» ብሎ የሚሸጠው ባትሪ ጉልበቱ አንድ ነው። ገበያ ውስጥ «48» ወይም «88» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ባትሪ ስናይ ቁጥሩን አምነን ጉልበት ገዛን ማለት የለብንም፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያሉት እነዚያው አምስት ሴሎች ናቸው። የሥራውን ርዝመት የሚነግረን የአምፒር ሰዓት ቁጥሩ ነው፤ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ ባለ 2ቱ ከሚሠራው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሠራል።

ሦስተኛው ጉዳይ በውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞችንና እህቶችን ይመለከታል። ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከዱባይ የሚገዛው በቮልት ይስማማል፤ የሶኬቱ እግር ግን የተለየ ስለሆነ ማገናኛ ይፈልጋል። ትርፍ የሊቲየም ባትሪም በአውሮፕላን የሚጓዘው ከተሳፋሪው ጋር በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይደለም። ወሰኑም 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ድረስ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ 18 ቮልት፣ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው።

እንግዲህ የትኛው ብራንድ ይሻላል ብትሉን፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። የምንመርጠው ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል በመጠየቅ ነው። ልጁ የሚሠራበት ወርክሾፕ ጌታ የያዘው ብራንድ የትኛው ነው? ባትሪውና ቻርጀሩ በአካባቢው ገበያ ይገኛሉ? ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው አለ? ከወርክሾፑ ጌታ ጋር አንድ ዓይነት ባትሪ የያዘ ወጣት ባትሪው ባለቀበት ቀን ተበድሮ ሥራውን ይጨርሳል። ብቻውን የተለየ ብራንድ የያዘ ግን ምንም ያህል ውድ ቢሆን የሚያበድረው የለም። የለጋሹ ምርጫ ሳይሆን የሠራተኛው ፍላጎት ይቅደም የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለት ባትሪ ያለው መካከለኛ መሣሪያ አንድ ባትሪ ካለው ውድ መሣሪያ ይበልጣል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላልና። ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ ቆሞ ለሚሠራ መጋዝ ግን ገመድ ያለው ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለወጣቶቹም ባትሪን ፀሐይ ላይ እንዳይተዉ፣ ከሥራ እንደወጣ እየጋለ እንዳይሞሉ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡም ግማሽ ያህል ሞልተው እንዲያኖሩ እናስተምራቸው።

ውድ ወገኖቻችን፣ በየቲም ስም የተሰበሰበ ገንዘብ አማና ነው። አማናም በሳጥን መቆለፍ ብቻ ሳይሆን በዕውቀት ማውጣትም ነው። ስለዚህ መሣሪያ ለመስጠት የምታስቡ ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁን፤ እኛም ልጁን እንጠይቃለን። ያ ወጣት ዛሬ ከአንድ አናጢ ጋር ይሠራል፤ መሣሪያው የጌታው ብራንድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። የእርሱን ወንድሞች ግን ዳግም ድንጋይ ወደ መሸከም እንዳንመልሳቸው አደራ እንላለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ሶደቃችሁን ይቀበል፤ የልጆቻችንን እጅ ከልመና ይጠብቅ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።