የተዋሰነው የኋላ መንኰራኩር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የእጅ ሥራ ክፍልን በመወከል በአንድ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር አሰምተውናል። እኛ ከእጅ ሥራ ክፍል የመጣነው ግን የምንናገረው ስለ አንድ የሞተር ብስክሌት የኋላ መንኰራኩር ነው። ርእሱ ትንሽ መስሎ የታያችሁ ብትኖሩ አንቀየምም፤ እኛም በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሥራውን ስንጀምር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መስሎን ነበርና። ያለቀው በጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአጥራችን ጎን ያለችው ጤና ጣቢያ አንዲት ባለ 100 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አለቻት። ሲስተር በሳምንት ሁለት ቀን የክትባቱን ሣጥን ከኋላ አስረው ወደ ቆላው ቀበሌዎች የሚወርዱት በእርሷ ነው። በዚያ ወር መንገድ ላይ ድንጋይ መታትና የኋላው ቸርኬ ተጣመመ፤ ሞዞ የሚባለው የመንኰራኩሩ እምብርትም ተሰነጠቀ። አዲስ ለመግዛት ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። በእኛ መጋዘን ደግሞ ሞተሩ የተቃጠለ፣ የሌላ ፋብሪካ ሥራ የሆነ ባለ 125 ሲሲ ቆሞ ነበር። መንኰራኩሩ ግን ደኅና ነው። «ክብ ለክብ ምን ልዩነት አለው?» ብለን ፈታነው።

ልዩነቱ ገና በጎማው ላይ ተጽፎ ነበር። በሲስተር ሞተር ብስክሌት ጎማ ላይ 3.00-17 ይላል፤ ይኸውም የጎማው ውፍረት 3 ኢንች፣ የቸርኬው ስፋት 17 ኢንች ማለት ነው። በተዋስነው ላይ ደግሞ 90/90-18 ተጽፏል፤ ጎማው 90 ሚሊ ሜትር ወርድ አለው፣ ቁመቱ የወርዱ 90 በመቶ ነው፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። ይህን በሒሳብ ስናወጣው የፊተኛው አንድ ጊዜ ሲዞር 1.83 ሜትር ያህል፣ የተዋስነው 1.94 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከመሐል እስከ ዳር ያለው ልዩነት ግን ወደ 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ሦስት ልጆች አስቀምጠንባት እንኳ ጎማው ጭቃ መከላከያውን አልነካም። ደስ አለን፤ ሥራውም ያለቀ መሰለን።

ቀጥሎ የመጣው የመሐሉ ብረት፣ ፐርኖው ነው። የእርሷ ፐርኖ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተዋስነው ሞዞ የሚፈልገው 15 ነበር። እዚህ ላይ ለታናናሾቻችን አንድ ነገር እንንገራቸው። በኩሽኔታ ጎን ላይ የሚቀረጸው ቁጥር ለጌጥ አይደለም። በሞዞው ውስጥ ያገኘነው 6302 ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የቀዳዳውን ስፋት ይነግራሉ። 01 ሲሆን 12 ሚሊ ሜትር፣ 02 ሲሆን 15፣ 03 ሲሆን 17 ነው፤ ከ04 ጀምሮ በ5 ማባዛት ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ገበያ ሲሄድ ኩሽኔታውን በኪሱ ይዞ መዞር አያስፈልገውም።

አንዳንዶቻችን ወፍራሙን ፐርኖ እናግባና የፎርኬላውን፣ ማለት መንኰራኩሩን ከግራና ከቀኝ የያዘውን ሹካ፣ ማስገቢያ በሞረድ እናስፋው አልን። መምህራችን ከለከሉን። ፎርኬላው ከተበላ አይመለስም፤ የሚበላው ነገር የሚለወጠው ይሁን አሉ። ስለዚህ ከከተማ ቶርኖ ቤት ሄደን ውስጡ 12 ውጭው 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ረዥም የብረት ቦኮላ አስቀረጽን። እዚያ ያገኘነው አንድ ሠራተኛ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለችውን ቱቦ «ትርፍ ናት፣ ጣሏት» ብሎ መክሮን ነበር። ባንጥላት ደግ አደረግን። ዳዶው ሲጠብቅ ኃይሉን የምትሸከመው እርሷ ናትና፤ እርሷ ከሌለች የኩሽኔታዎቹ የውስጥ ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ይሳሳቡና ጥይቶቹ ተጨንቀው ይቃጠላሉ።

ካቴናው ከሁለቱም ጋር አንድ ዓይነት፣ 428 የሚባለው ሆኖ ተገኘ፤ ጥርስ ከጥርስ ግማሽ ኢንች ነው። ነገር ግን ቀጥ ያለ ብረት ከፊት ጥርስ ወደ ኋላ ጥርስ ብንዘረጋ የኋላው በ6 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ነበር። ሮንዴላ ከአንዱ ጎን አንሥተን በሌላው ጎን ጨምረን ካቴናውን አቀናነው። ካቴናው ሲቀና ግን ቸርኬው ከፊተኛው መንኰራኩር መስመር ወጣ! ያንን ለመመለስ በአንድ ወገን ያሉትን የቸርኬ ሽቦዎች እያላላን፣ በሌላው ወገን ያሉትን እያጠበቅን ሁለት ቅዳሜ ፈጀን። ይህ ሥራ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆንም፤ ከእኛም መካከል ቁልፍ የወረወረ ነበር።

አሁን ዛሬ እዚህ ያቆመንን ነገር እንናገራለን።

የኋላው ፍሬን የታምቡር ፍሬን ነው። ሸራዎቹ የተቀመጡበት ሳሕን ከመንኰራኩሩ ጋር እንዳይዞር አንድ የብረት ክንድ ከፎርኬላው ጋር ያስረዋል። የተዋስነው ሳሕን ጆሮ ግን ቦታው ሌላ ስለ ሆነ የእርሷ ክንድ አልደረሰለትም። እኛም ፍሬኑ በእጅ ሲሞከር ሲይዝ አይተን፣ ለጊዜው ብለን በወፍራም ሽቦ ጠመጠምነው። ከእኛ አንዱ ወጥቶባት ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት ወረደ። ከታች በኩል ፍሬን ያዘ። ሽቦው ተበጠሰ፤ ሳሕኑ ከመንኰራኩሩ ጋር ዞረ፤ የፍሬኑን ዘንግ ጠቅልሎ ጎተተና መንኰራኩሩ እንደ ተቸነከረ ቀጥ አለ። ጓደኛችን በጎኑ ተንሸራቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ተልጧል።

ቁስሉን ያጠቡለት ሲስተር ናቸው። አጥበው ሲጨርሱ ወደ ሞተር ብስክሌቷ መጥተው የተበጠሰውን ሽቦ በእጃቸው ያዙና «ልጆቼ፣ ይህን ለእኔ ነው ያዘጋጃችሁት?» አሉን። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም።

በማግስቱ ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ ሠራነው፤ አስቀድመን መሥራት ነበረብን። ጎማው መሬትን የሚይዝበት ቦታ ከመሐሉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሳሕኑ ጆሮ ግን 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ። እንግዲህ ፍሬኑ መሬት ላይ በ40 ኪሎ ኃይል ቢይዝ፣ ክንዱን የሚጎትተው ሁለት እጥፍ ተኩል፣ ማለት 100 ኪሎ ነው። ይህን ነው በሽቦ ያሰርነው። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት አዲስ ክንድ ቈርጠን፣ ፋብሪካው ፎርኬላው ላይ ከሠራው ማሰሪያ ጋር በብሎን አያያዝነው፤ ዳዶው እንዳይፈታም መቆለፊያ ፒን አደረግንበት። ፎርኬላው ላይ ምንም አልበየድንም። ካቴና ሲወጠር መንኰራኩሩ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ክንዱ በብሎኑ ላይ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ቦታ ተውንለት።

የቀረው የጥርሱ ነገር ነው። የፊተኛው የኋላ ጥርስ 42 ነበር፤ የተዋስነው 38። ከጎማው መተለቅ ጋር ሲደመር አቀበት ላይ የነበራትን ጉልበት ከሰባት አንዱን ያህል ያሳጣታል። የድሮው ባለ 42 እንዳይገባ ደግሞ የብሎኖቹ ቀዳዳ አልገጠመም። ስለዚህ ከፊት ባለ 14 የነበረውን በባለ 12 ለወጥነው፤ ስንቆጥረው የፊቱ ጥርስ አንድ ጊዜ ሲዞር ድሮም 61 ሳንቲ ሜትር፣ አሁንም 61 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች። ትንሽ ጥርስ ካቴናውን አጥብቆ ስለሚያጥፈው ቶሎ ይበላዋል፤ ይህን ዐውቀን ነው የተቀበልነው። የፍጥነት መለኪያዋ የሚዞረው ከፊተኛው መንኰራኩር ስለ ሆነ ግን አልዋሸም።

አንዳንድ ወላጆች ሁሉም ፋብሪካዎች ለምን አንድ ዓይነት አይሠሩም ብለው ጠይቀውናል። አንድ ፋብሪካ እንኳ ከራሱ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለፒያጆ ፋብሪካ የነደፋት ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ስትወጣ የፊቷና የኋላዋ መንኰራኩር ሁለቱም ባለ 8 ኢንች ስለ ነበሩ የአንዱ ለሌላው ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ግን ያው ፋብሪካ ጂ.ኤስ. 150 የምትባለውን በባለ 10 ኢንች አወጣት። ፈጣን ለሆነችው ትልቁ ይሻላታልና አንፈርድባቸውም።

በጥር ወር ሁለት ጆንያ አሸዋ ጭነን ያንኑ ቁልቁለት ሃያ ጊዜ ወረድነው፤ የመጀመሪያውን ጊዜ የነዳው ያው የተላጠው ጓደኛችን ነው፤ ራሱ ለምኖ። ከዚያ በኋላ ሲስተር ሣጥናቸውን አስረው ሄዱ። ማታ እስኪመለሱ ድረስ ከእኛ ወደ ቤቱ የሄደ አልነበረም።

የተሰነጠቀውን ሞዞና የተበጠሰውን ሽቦ በእጅ ሥራ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናቸዋል፤ ከስብሰባው በኋላ ገብታችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። ካቴናውን በየዓርቡ እኛ እንለካለን፤ እኛ ከሄድን በኋላ ይህ ሥራ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው። መለኪያው ከላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።