እንዳሁላን በአበባው ማወቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬን አልፎ ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርድ መንገደኛ፣ አፈሩ ባለቀበት ዓለት ላይ ወፍራምና ውኃ የቋጠረ ቅጠል ያላቸው ዕፀዋት ያያል። አንዱ ሬት ነው፤ ሌላው አገሬው እንዳሁላ የሚለው ነው። ዛሬ ላሳስባችሁ የምሻው፣ እንዳሁላ የሚለው ስም የአንድ ተክል ብቻ ስም አለመሆኑን ነው።

ነገሩ የስም ክርክር አይደለም። ባለመድኃኒቶቻችን እንዳሁላን ለቁስልና ለእብጠት ያዙታል። በሌላ በኩል፣ እንዳሁላ በሚመደብበት ካላንኮ በተባለው ወገን ውስጥ የልብን አመታት የሚያውክ፣ ከብትና በግ የሚገድል መርዝ ያላቸው ዓይነቶች መኖራቸው ታውቋል። ስለዚህ «የትኛው እንዳሁላ?» ብሎ መጠየቅ የጤና ጉዳይ ነው።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? ቅጠል ያታልላል፤ አበባ ግን ይቈጠራል። የሬት ቅጠል ከሥሩ ተከቦ ይወጣል፤ ጠርዙ እሾኻም ነው፤ የአበባውም ክፍል 6 ነው። እንዳሁላ ግን ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ 4ቱ የአበባ ቅጠሎች ከታች ተጋጥመው ቱቦ ይሠራሉ፤ በውስጡም 8 ወንዴ ዘንጎች አሉ። ይህ ወገኑን ያስታውቃል። ዓይነቱን ለመለየት ደግሞ የቱቦውን ርዝመት፣ የአበባውን ቀለምና የቅጠሉን ገጽ መመርመር ያስፈልጋል። ካላንኮ ማርሞራታ ቅጠሉ በሐምራዊ ነጠብጣብ የተዥጐረጐረ፣ አበባው ነጭና ረጅም ነው፤ ካላንኮ ላንሲዮላታ ደግሞ የሚያጣብቅ ጠጕር አለው።

በደጋችን የታወቀው ካላንኮ ፔቲቲያና ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከአንቷን ፔቲ ነው። ይህ ሰው የአገራችንን ዕፀዋት ሲሰበስብ ቆይቶ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወስዶት ሞተ። ባዕድ ስለ ዕፀዋታችን ይህን ያህል ከደከመ፣ እኛ ተወልደን ባደግንበት ዳገት ላይ አበባ መቍጠር እንዴት ይከብደናል?

እንግዲህ በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እንዲህ እናድርግ። ያበበውን ቅርንጫፍ እንቍረጥ፤ የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ በትኩሱ እንጻፈው። እንዳሁላ በወረቀት መካከል ቢጫኑትም ለሳምንታት ስለማይሞት፣ ቅጠሉን አስቀድመን በፈላ ውኃ እንንከረው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሽማግሌው የነገሩንን ስምና ጥቅም አብረን እንመዝግብ። ከዚያም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ለተቋቋመው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም እናሳይ።

አባቶቻችን መድኃኒቱን ዐወቁ፤ የእኛ ድርሻ ተክሉን ሳይምታታ ለተከታዩ ትውልድ ማስተላለፍ ነው።