ምንጩን ስናጎለብት የተማርነው



ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን እንመለሳለን። ከመሄዳችን በፊት ስለ ምንጩ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለጋበዛችሁን እናመሰግናለን።

እኛ ወደ መንዝ ተመድበን የመጣነው ፊደል ልናስተምር ነው። ይህ ግዴታችን ነበር። ምንጩን እንድናጎለብት ግን ማንም አላዘዘንም። ነገሩ የተጀመረው በማታው ትምህርት ነው። ሴቶቹ ለምን እንደሚቀሩ ስንጠይቅ «ውሃ ወርደው ነው» አላችሁን። እኛም ወርደን አየን። ሰውም፣ ከብትም፣ አህያም የሚጠጣው ከአንድ ኩሬ ነው። ውሃው አልቅት አለበት። ወረፋው እስኪጨልም አያልቅም።

ታዲያ ውሃው አንሶ ነው? ከምንጩ ዓይን የሚወጣውን በቆርቆሮ አሸንዳ መርተን በጀሪካን ለካነው። 20 ሊትሩ በ100 ሴኮንድ ሞላ። ቀንና ሌሊቱ ሲደመር 864 ጀሪካን ማለት ነው። መንደሩ ግን በቀን ከ300 በላይ አይቀዳም። ለካ ውሃው አላነሰም፤ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይቀዳው ወደ ገደል ይፈስ ኖሯል! እንግዲያው የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ እንሥራ ተባባልን። እናንተ ድንጋይና አሸዋ አጓጓዛችሁ። ሲሚንቶና ቧንቧ ከወረዳው ተገኘ።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን መደበቅ አንፈልግም። ብዙ ውሃ ለመያዝ ብለን ግድግዳውን ከምንጩ ዓይን በላይ ከፍ አድርገን ገነባነው። አንዲት እናት እንስራቸውን አውርደው «ልጆቼ፣ ውሃ እኮ ካፈናችሁት ይሸሻል» አሉን። እኛ ደግሞ በልባችን «ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ምን ያውቃሉ?» ብለን ሥራችንን ቀጠልን።

በአራተኛው ቀን ቧንቧው ደረቀ። ውሃው ከጎን ባለው ማሳ ውስጥ ሌላ ዓይን ከፍቶ ወጣ። መንደሩ ደነገጠ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደው ከመካከላችን አልነበረም።

በማግሥቱ እኚያው እናት ከሁላችንም ቀድመው ወርደው አገኘናቸው። ቁጣ ስንጠብቅ መዶሻ አቀበሉን። ግድግዳውን አፈረስነው። ውሃው ከዓይኑ በላይ እንዳይቆም ቧንቧውን ዝቅ አድርገን አስገባን፤ ለትርፉ ውሃም መውጫ አበጀንለት። ማጠራቀሚያውን ከምንጩ ላይ አንስተን ከቁልቁለቱ ሠራነው። በሦስተኛው ቀን አንድ እረኛ «መጣ! መጣ!» እያለ ሲጮህ ሁላችንም ወደ ቧንቧው ሮጥን።

እንግዲህ ምንጩ የእናንተ ነው። ሦስት ነገር አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ከምንጩ በላይ የቆፈርነው ቦይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ነው። ክረምት ሳይገባ ደለሉን ጥረጉለት።

ሁለተኛ፣ ከአጥሩ በላይ ከብት አይሰማራ፤ መጸዳጃ ጉድጓድም አይቆፈር። ቆሻሻው በመሬት ውስጥ ሠርጎ ወደ ምንጩ ይወርዳልና። የከብቱ ገንዳ ከታች ነው።

ሦስተኛ፣ ንጹሕ ውሃ በቆሸሸ እንስራ ቢቀዳ መልሶ ይቆሽሻል። እንስራውን እጠቡ፣ ክደኑ፤ መቅጃውን ለብቻው አድርጉ። የተቅማጥ በሽታ ሕፃናትን የሚነጥቀን በዚህ በኩል ነው።

ቧንቧው አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ለመጠገኛው ከየቤቱ የምታዋጡትን ገንዘብ የምትይዘው ኮሚቴ ተመርጣለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ገንዘብ ያዥ ሆነው የተመረጡትም እኚያው እናት ናቸው። ትናንት የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ፣ ስሙንም ቁጥሩንም፣ በገዛ እጃቸው ሲጽፉ አየናቸው።

እኛም ከዚህ በኋላ በሄድንበት አገር ሁሉ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት፣ ያንን ውሃ ሲቀዱ የኖሩትን ሰዎች እንጠይቃለን።

ምንጩን ያብዛላችሁ። ደህና ሁኑ።