ስለ ዱር ወፎችና ስለ ወፍ ጉንፋን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት የዱር ወፎችን ስለ መከታተል፥ ይኸውም የወፍ ጉንፋን የተባለው በሽታ ወደ እኛ የመጣ እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለ ማወቅ ነው። የወፍ በሽታ ሲባል ብዙዎቻችሁ ዐይንን ብጫ የሚያደርገውን የጉበት ሕመም እንደምታስቡ ዐውቃለሁ። ያ ሌላ ነው፤ ከስሙ በቀር ከወፍ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። እኔ የምናገረው በእውነት የወፎች ስለ ሆነው ነው።

የዚህ በሽታ ምክንያት ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ቫይረስ ሲሆን፥ ጥንተ መኖሪያው የዱር ዳክዬ፥ ዝይና ሌሎችም የውኃ ወፎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ በአንጀታቸው ተሸክመውት ሳይታመሙ ይበራሉ፤ ከኩሳቸውም ወደ ውኃው ይገባል። ክፉው ዓይነት ከዶሮ መንጋ የገባ እንደ ሆነ ግን በጥቂት ቀን ቤት ሙሉ ዶሮ ይፈጃል። ኤች 5 ኤን 1 የሚሉት ክፉ ዓይነት መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 በቻይና አገር በዝይ ላይ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎች ታመው 6ቱ ሞቱ።

ቻይና ሩቅ ናት የሚል ቢኖር ጂቡቲ ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2006 በየካቲት ወር በሽታው በናይጄሪያ ዶሮዎች ላይ ተገኘ፤ በግንቦት ደግሞ ጂቡቲ በዶሮዎችና በአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ላይ መገኘቱን አስታወቀች። (ያ ዓመት ጀጎላችን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባበት ነው፤ ይኸን ሁላችን እናስታውሳለን፥ የጂቡቲውን ግን ሲነሣ አልሰማም።) በዚያው ወራት በጉራጌ አገር በጉብሬ የዶሮ እርባታ ብዙ ዶሮ ቢሞት፥ መጣ ተብሎ ወሬው አገር አዳረሰ። ሲመረመር የወፍ ጉንፋን አልሆነም። ነገር ግን ሰው ዶሮ መግዛት ፈርቶ ዋጋው ወድቆ ነበርና፥ ሁለት ሦስት ዶሮ ሸጣ ጨውና በርበሬ የምትገዛው የባላገር ሴት ባልመጣ በሽታ ተጎዳች።

አሁን ወደ ወፎቹ ልመለስ። በየዓመቱ ከመስከረም ወዲያ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። ንስሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎች ከየመን ተነሥተው የባብ ኤል መንደብን ጠባብ ባሕር በመሻገር በጂቡቲ በኩል ይገባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ ተቆጥረው ወደ 246,000 ሆነው ተገኝተዋል። ዳክዬዎቹ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በየኩሬው ይከርማሉ። ከእኛ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ለብዙ ዓመት የከብት መዋያ ሆኖ ነበር፤ ውኃው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተመልሷል። ውኃ ባለበት ደግሞ የውኃ ወፍ አይጠፋም።

እንግዲህ ወፎቹን እንግደላቸው ወይስ ዛፉን እንቁረጥባቸው የሚል አይጠፋ ይሆናል። እኔ ይኸን ፈጽሞ እቃወማለሁ። ወፍ ከአንድ ስፍራ ቢያባርሯት ወደ ሌላው በርራ ያላትን ይዛ ትሄዳለች። ደግሞም ጥፋቱ ሁሉ የእሷ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሊቃውንት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከብዙ ሺህ የውኃ ወፎች ናሙና ወስደው በኢጣልያ ፓዶቫ ቢያስመረምሩ፥ ለስላሳውን ዓይነት እንጂ ገዳዩን ኤች 5 ኤን 1 አላገኙም። በሽታው በክንፍ እንደሚሄድ ሁሉ በመኪና በተጫነ የዶሮ ቀፎ፥ በጫጩትና በነጋዴ ጫማም ይሄዳል።

የሚጠቅመው መከታተል ነው፤ ሥራውም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የባለሙያ ነው፤ ወፏን በመረብ ይዞ፥ ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን እንጨት ከጉሮሮዋና ከኩስ መውጫዋ ጠርጎ፥ ናሙናውን በብርድ አኑሮ ወደ መመርመሪያ መላክ ነው። በአገራችን ይህ መመርመሪያ በሰበታ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ዐይን ያለው ሁሉ የሚሠራው ነው፤ ወፎቹ የት እንዳሉና ስንት እንደ ሆኑ ማወቅ፥ ሲሞቱም ማየትና መናገር። በሴኔጋል በጁጅ የወፎች መጠበቂያ በጥር ወር 2021 ጠባቂዎች 750 ፔሊካኖች ሞተው አገኙ፤ ፔሊካን ከመንቆሩ ሥር ከረጢት ያለው ትልቅ የውኃ ወፍ ነው። ስፍራው ወዲያው ተዘጋ፥ በምርመራም ኤች 5 ኤን 1 ሆኖ ተገኘ። ጠባቂዎቹ ባያዩ ኖሮ የላቦራቶሪው መሣሪያ ምን ይመረምር ነበር?

በሐረር ስለዚህ ነገር ከሌላው ከተማ ይልቅ ልናስብበት የሚገባ ምክንያት አለ። በጊድር መጋላ በሥጋ ተራው ጣራ ላይ የሚደረደሩትን ጭላቶች የማያውቅ የለም፤ ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቀው ይሄዳሉ፥ እንግዳም ይደነቃል። ማታ ደግሞ ጅቡ ከበር ውጭ ይጠብቃል፤ በግንቡ ቀዳዳ፥ በወራባ ኑዱል ገብቶም መንደሩን ያጸዳል። ስለዚህ የሞተች ዶሮ ያገኘ ሰው ወደ ውጭ ወርውሮ፥ ጅብ ወይም ጭላት ያነሣታል ብሎ ይተዋል። ልማዱ ጥንት ጥሩ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በታይላንድ በአንድ የአራዊት ማሳያ ጥሬ የዶሮ ሥጋ የበሉ ነብሮች በዚሁ በሽታ ብዙዎቹ አልቀዋል፤ ድመትም በዚሁ መንገድ ይያዛል። የታመመ ሥጋ የሚበላ ጭላት ደግሞ በማግሥቱ ከየት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል?

ዶሮ ሲያልቅብን ሁላችን ፈንግል ነው እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜም ፈንግል ይሆናል። ሆኖም ፈንግልንና የወፍ ጉንፋንን በዐይን ለይቶ ማወቅ ለሐኪምም ቢሆን አይቻልም። ስለዚህ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ሲሞቱ፥ ወይም ከውኃ ዳር አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙ ወፍ ወድቆ ሲታይ፥ በእጅ ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም መንገር፥ ሐኪሙ ካየ በኋላም በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ያስፈልጋል። ልጆች የሞተች ወፍ አንሥተው እንዳይጫወቱባት እለምናችኋለሁ።

እናቶቻችን፥ ታዲያ ዶሮ እንተው ወይ? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አልጠራጠርም። አትተዉ። ይህ ቫይረስ በ70 ዲግሪ ሙቀት ይሞታል፤ የእኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ሲንተከተክ ይውላል፥ እንቁላሉም አብሮ ይቀቀላል። አደጋው ከምጣዱ በፊት ነው፤ የታመመች ዶሮ እንዳትሞትብን ብሎ በማረድ፥ ላባዋን በመንጨትና በመበለት ጊዜ ነው። ታማ ያያችኋትን አትረዱ፤ ጤነኛዋንም በልታችሁ ስትጨርሱ ብቻ ሳይሆን በልታችሁ ስትጀምሩ፥ ማለት ገና ስትበልቷት፥ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሕፃናቱንም ከዚያ አርቁ።